ወንበር ላይ የቀረ ሹራብ

ሥራ ስለቅ ባልደረቦቼ አዋጥተው ጋቢ ሰጡኝ። በመሥሪያ ቤታችን ጋቢ የሚሰጠው ጡረታ ለሚወጣ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ጸሐፊያችን ዘሪቱ ጋቢውን ትከሻዬ ላይ እየጣለችልኝ፣ "እንግዲህ እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ፀሐይ እየሞቁ መመረቅ ነው" ብላ ቀለደች። ሁሉም ሳቀ። እሷ ግን ሳቋን ሳትጨርስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አንድ ሁለት ቃል እንድናገር ጠየቁኝ። ሰው ፊት ቆሞ መናገር ከልጅነቴ ጀምሮ ይከብደኛል። "አመሰግናለሁ፣ ጋቢውን አባቴ ይለብሰዋል" ብዬ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ያልተናገርኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

አባቴ በወጣትነቱ ከከፋ መጥቶ ኮልፌ ገበያ ውስጥ ማርና ኮረሪማ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። እናቴ የሞተችው እኔ ትንሽ እያለሁ ነው። ጸጉር መሥራት ከጎረቤት ሴቶች ተምሮ ጠዋት ጠዋት እሱ ነበር የሚሠራኝ፤ ትምህርት ቤት ስደርስ ራሴ ማር ማር ይሸታል እያሉ ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በሕዝብ አስተዳደር ስመረቅ ፎቶዬን ሱቁ ውስጥ ሰቀለው። የመንግሥት ሥራ ስይዝ ደግሞ፣ "በቃ፣ አንቺን ዝናብ አይመታሽም" አለኝ። ደመወዙ ትንሽ መሆኑን ነግሬዋለሁ። እሱ ግን የሚያስበው ስለ ጣሪያው ነበር።

መጀመሪያ የተመደብኩት ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ በሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ነው። አለቃዬ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ፣ "ታዲያ ማን ሊሠራ ነው?" የሚሉ ሰው ነበሩ። ነርሶቹ ስለሚፈሯቸው ወረቀታቸውን ለእኔ አቀብለው ይሸሻሉ። እኔም ስለምፈራቸው ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ እሸሻለሁ። ከዚያ ወደ ኮልፌ፣ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ተዛወርኩ። ሥራ የተማርኩት እዚያ ነው። ያስተማሩኝም ወይዘሮ አስካለ ናቸው።

ወይዘሮ አስካለ የፈቃድና የማህደር ኃላፊ ነበሩ። ወፍራም፣ ዝግ ያሉ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። አንድም ቀን ለቆመ ሰው "አይቻልም" ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። መጀመሪያ ያስቀምጡታል፤ ያውም ፊት ለፊት ሳይሆን ጎናቸው። "ፊት ለፊት ሲቀመጥ ዳኛ ትሆኚበታለሽ" ይሉኝ ነበር። ማመልከቻ ደግሞ የሚያነቡት ከታች ወደ ላይ ነው። ያመጣሁላቸውን የመጀመሪያ ወረቀት ሳነብ አይተው አስቆሙኝ።

"ከየት ጀመርሽ?"

"ከርዕሰ ጉዳዩ።"

"ርዕሰ ጉዳዩማ ለመዝገብ ቤት ነው። ሰው የሚፈልገውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚጽፈው። ስለሚያፍር።"

እውነታቸውን ነበር። "ለግል ጉዳይ" ተብሎ ተጀምሮ፣ ክቡርነትዎ ተብሎ፣ ብዙ ዙሪያ ጥምጥም ከተሄደ በኋላ ከፊርማው በላይ ባለችው መስመር ላይ "ባለቤቴ አልጋ ላይ ስለሆነች" የሚል ይገኛል። ያችን መስመር ሲያገኙ ወይዘሮ አስካለ መነጽራቸውን አውልቀው ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ "ቀን ቀን ማን አለ አጠገባቸው?"

ሰውየው "ጎረቤት ታያቸዋለች" ካለ አንድ ዓይነት፣ "ማንም" ካለ ሌላ ዓይነት መፍትሔ ይፈልጋሉ። ምክንያቱም እኔ በሠራሁበት ዘመን በእጃችን ባለው ደንብ ለወሊድ ፈቃድ አለ፣ ለጋብቻ አለ፣ ለፈተና አለ፣ ሠራተኛው ራሱ ሲታመምም አለ። ሰው ሲሞትበትም ከነደመወዙ ፈቃድ አለ። ሳይሞት በፊት ለማስታመም ተብሎ የተጻፈ ነገር ግን አጥተናል። ደጋግመን ፈልገናል። የወይዘሮ አስካለ ጥበብ የዓመት ፈቃድን በግማሽ በግማሽ ቀን መቆራረስ ነበር። ለአንዱ ጠዋቱን፣ ሐኪም ቤት ለሚመላለስ ለሌላው ከሰዓቱን እያደረጉ፣ አጭር ፈቃድ እንደ አጭር ብርድ ልብስ ወዲያና ወዲህ እየሳቡ ያለብሱታል። ቢሆንም እግር ይተርፋል። ሕመም ረዥም ነው።

ፈቃዱ ሲያልቅ የሚቀረው ሹራብ ነው።

ይህንን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጠዋት በጣት አሻራ ትገባለህ፤ ማታ በጣት አሻራ ትወጣለህ። በመሐል ያለው ሰዓት የወንበር ነው። ሴት ከሆነች ሹራቧን፣ ወንድ ከሆነ ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ይወጣል። ጠያቂ ሲመጣ ሹራቡን ያያል፤ አጠገቡ ያለው ባልደረባ ደግሞ "አሁን ነው የወጣችው፣ ሻይ ልትጠጣ" ይላል። ሌላ ቦታ ይህ የሰነፍ ዘዴ ነው። በእኛ ቢሮ ግን የአስታማሚ ነበር። በሽተኛ የሌለበት ሰው ኮቱን ሰቅሎ ቢጠፋ ዘሪቱ ራሷ፣ "አቶ እገሌ፣ ኮትዎ ናፍቆዎታል" እያለች ታሳጣዋለች። በሽተኛ ላለበት ግን ሁላችንም ሥራውን ተከፋፍለን እንሠራለታለን። ማንም አላወጀውም። ዘሪቱ ስም አውጥታለታለች፤ "የሹራብ ፈቃድ"።

ከሁሉ ይልቅ የሹራብ ፈቃድ ያስፈለገው ለኑሪ ነበር። ኑሪ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ቀጭን፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ሚስት የለውም። ኮልፌ ውስጥ ከብረት በር ሠሪዎች ጀርባ ከእናቱ ከእማማ ዘሀራ ጋር ይኖራል። እማማ ዘሀራ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላ ከአልጋ አልተነሡም። መገልበጥ አለባቸው፤ መታጠብ አለባቸው፤ ምግብ ደግሞ ከእሱ እጅ በቀር አይቀበሉም። ጎረቤት ብታጎርሳቸው አፋቸውን ይገጥማሉ። "ከእኔ እጅ ብቻ" ይላል ኑሪ፣ ግማሽ እየተማረረ፣ ግማሽ እየኮራ። የዓመት ፈቃዱ ተቆራርሶ ካለቀ በኋላ ረፋዱ ላይ ግራጫ ኮቱን ሰቅሎ ይወጣል፤ አጉርሷቸው፣ ገልብጧቸው፣ ከምሳ በኋላ ይመለሳል። ይህንንም ሲያደርግ አንድ ጊዜ ተይዞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። ሁለተኛ ቢደገም ከሥራው እስከ መታገድ እንደሚያደርሰው ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ከታገደ ደግሞ እናትየውም የሚበሉት የላቸውም።

ከዚያ ቁጥጥር መጣ።

ከላይ የተላኩ ሰዎች ነበሩ፤ የሥራ ሰዓት ለመቆጣጠር ሳይነግሩ መጥተው ከታች ካለው ክፍል እየጀመሩ የሠራተኛ ስም ይጠራሉ። ዘሪቱ በኮሪደሩ ሮጣ መጥታ፣ "ሰው በሰው እየጠሩ ነው! ኮት አይቆጥሩም!" አለችን። ሁላችንም የኑሪን ወንበር አየን። ወይዘሮ አስካለ ስልካቸውን አነሡ። የሠራተኛን እንጀራ ማዳን ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነገር ስለነበር አላመነቱም። እኛም ብንሆን እናደርገው ነበር።

"ኑሪ፣ አንተ ልጅ፣ ቁጥጥር መጥቷል። የያዝከውን ትተህ ና። ቶሎ በል!"

መጣ። ታክሲ አጥቶ በሩጫ ነው የመጣው። ሰዎቹ በራችን ላይ ሲደርሱ ኑሪ ኮቱ ፊት ተቀምጦ፣ ያልተከፈተ ማህደር ይዞ፣ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠብ ነበር። ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ አየት አድርጎት፣ "ሻዩ ትኩስ ነበር መሰለኝ" አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለመቀለድ ነው። ኑሪም እንደ ልማዱ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ስሙን ጠሩት፤ "አለሁ" አለ፤ አለፉ። ዘሪቱ ከኋላቸው ምላሷን አወጣችባቸው። ደስ ብሎን ነበር። ይህንን መደበቅ አልፈልግም፤ ሁላችንም በጣም ደስ ብሎን ነበር።

ሰዎቹ ግን ቶሎ አልሄዱም። ኃላፊያችን አቶ ግርማ ሻይ አስመጡላቸውና በሩ አጠገብ ቆመው ያወራሉ። ኑሪ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ። በመጨረሻ ስልኩ ጮኸ። የደወለችው ጎረቤቱ ነበረች። የተናገረችውን አልሰማንም፤ የሰማነው እሱ ያለውን ብቻ ነው።

"እንዴት? አሁን እኮ ነው የወጣሁት።"

እማማ ዘሀራ ከትራሳቸው ተንሸራተው ነበር። ጎረቤቷ ስትገባ ትንፋሽ አልነበራቸውም።

በዚያው ቀን ከዐሥር ሰዓት በኋላ ተቀበሩ። ቢሮው በሙሉ ሄደ። ሴቶቹ ኑሪ ቤት ቀርተን ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። አንዳንዶቹ "እሱ አጠገባቸው ቢኖርም ቀናቸው ደርሶ ነበር" ይላሉ፤ ሊሆን ይችላል፣ እኔ አላውቅም። ኑሪ ከቀብር ሲመለስ ወይዘሮ አስካለ ተነሥተው አቀፉት። እሱም እየተንሾካሾከ ይነግራቸው ጀመር፤ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁት። "አጉርሻት ነው የወጣሁት፣ እትዬ አስካለ። አፏ ውስጥ አጥሚት ነበር። ስልኩ ሲደወል ማንኪያውን አስቀመጥኩ። መዋጧን አላየሁም።"

የወይዘሮ አስካለ እጅ ጀርባው ላይ እንዳለ ቀረ።

በማግስቱ ቢሮ ተመልሼ የሐዘን ፈቃዱን ጻፍኩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ በፍጥነት የወጣ ደብዳቤ የለም። አንቀጹ አለ፣ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም፣ አቶ ግርማ ቆመው ፈረሙ። ሰው ሲታመም ስንት በር የሚዘጋው ደንብ ሲሞት በሩን ከፍቶ ይጠብቃል።

ኑሪ ግን ፈቃዱ ሳያልቅ፣ ደብዳቤው በደረሰው ማግስት ጠዋት ቢሮ ገባ። ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

"ይሄን ለሌላ ሰው ስጪልኝ፣ ምሕረት።"

"ለሌላ ሰው አይሰጥም እኮ፣ ኑሪ።"

"ሰው ያለው ሰው አታጪም" አለና ወደ መዝገብ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ አያውቅም። በበጋው ሙቀት እንኳ እንደለበሰው ይውላል።

"ለሌላ ሰው ስጪልኝ" ያለው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ደፋር አይደለሁም፤ መጻፍ ግን እችላለሁ። ሠራተኛ የታመመ ቤተሰቡን የሚያስታምምበት ከነደመወዙ ፈቃድ እንዲኖር፣ ይህም ካልሆነ ቢያንስ ባልደረቦች ከዓመት ፈቃዳቸው ላይ እንዲለግሱለት የሚል ሐሳብ አዘጋጀሁ። ርዕሱን "የማስታመሚያ ፈቃድ" አልኩት። ወይዘሮ አስካለ እንደ ልማዳቸው ከታች ወደ ላይ አነበቡትና አንድም ነገር ሳያርሙ መለሱልኝ። አቶ ግርማም ተቀብለው ለበላይ ላኩት። መልሱ ሲመጣ ጠርተው አስቀመጡኝ፤ ሐሳቡ ይበል የሚያሰኝ ነው፣ ነገር ግን አሁን ባለው የሕግ ማዕቀፍ የሚያስኬድ አይደለም ይላል።

"አይዞሽ" አሉኝ አቶ ግርማ። "እኔም አባቴን ያስታመምኩት በዓመት ፈቃዴ ነው። አለቀብኝ። ሥራ ገባሁ። ቀብሩ ላይ ደረስኩ።"

ይህንን ሲሉኝ ድምፃቸው እንደ ሌላው ቀን ነበር። አሁንም ድረስ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

ወይዘሮ አስካለ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ። ጋቢ ሰጠናቸው። እስከሚወጡ ድረስ ስለዚያ የስልክ ጥሪ ከማንም ጋር አልተነጋገሩም። የታዘብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠረጴዛቸው ላይ የነበረውን የቢሮ ስልክ ወደ እኔ ጠረጴዛ ገፍተውት ነበር። ሲጮኽ አያነሡም።

አባቴ የወደቀው ከዚያ በኋላ ነው። ቤቴል ሰፈር ያለው ቤታችን በር ላይ፣ ጫማውን ሲያደርግ። ቀኝ ጎኑ ከዳው፤ ቋንቋውም ሄደ። ነጋዴ ነበር፤ አማርኛ፣ ከፊኛ፣ ትንሽ ጉራግኛ እየቀላቀለ ገዥ ሲያስቅ የሚውል ሰው ነበር። የቀረችለት ቃል አንዲት ናት። "አለሽ?" ይላል። "አለሁ፣ አባዬ" እለዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና፣ "አለሽ?"

ወንድሜ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው ማለት ይቻላል። "ቀን ቀን ማን አለ አጠገባቸው?" የሚለውን ጥያቄ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱ እኔ ነበርኩ።

የዓመት ፈቃዴን እንደተማርኩት ቆራረስኩት። አለቀ። ዘሪቱ፣ "አንጠልጥይዋ፣ እኛ እንሸፍንሻለን" አለችኝ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሰማያዊ ሹራቤን ወንበሬ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ቤት ደርሼ አባቴን እያጎረስኩ ስልኬ ጮኸ። ካርድ እንድሞላ የሚያስታውቅ መልእክት ነበር። እኔ ግን ገና ሲጮኽ ብድግ ብዬ ማንኪያውን ብርድ ልብሱ ላይ ደፍቼዋለሁ። ሲውጥ ጉሮሮውን እያየሁ፣ ጆሮዬ ስልኩ ላይ ነበር።

ከሰዓት ስመለስ ኑሪ ወንበሬ አጠገብ ቆሟል። ሹራቤን አንሥቶ አጣጥፎ ይዞታል።

"ማን ነው ይሄን ያስደረገሽ?"

"ሌላ ምን ላድርግ?"

"ወይ እዚህ ሁኚ፣ ወይ እዚያ ሁኚ። ሁለቱም ያስከፍላል። እኔ ግን ሁለቱም ጋ አልነበርኩም፣ ምሕረት። እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ።" ሹራቡን ሰጠኝ። በኮቱ ውስጥ ላብ አጥምቆት ነበር።

መልቀቂያዬን በዚያ ሳምንት አስገባሁ። አቶ ግርማ ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንድጠይቅ ለመኑኝ፤ ጠይቀን የተፈቀደው ጊዜ ለአባቴ ሕመም የሚበቃ አልነበረም። አሁን ቤት ሆኜ ለተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ፤ ወንድሜም ያለውን ይልካል። አባቴ ዝናብ አይመታሽም ያለኝን ጣሪያ ለእሱ ስል ለቀቅሁት፤ እንዳያውቅ ብዬ አልነገርኩትም።

አንድ ነገር ግን ቢሮ ትቼ አልወጣሁም። መድኃኒት ቤት ስሄድ አባቴ ዓይኑ ሲፈልገኝ እንዳይጨነቅ ብዬ ሹራቤን አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ እሰቅላለሁ። ሹራቡን ሲያይ ይረጋጋል። እኔም በሩጫ ሄጄ በሩጫ እመለሳለሁ። ወረፋ በዝቶ መድኃኒቱን ትቼ የተመለስኩበት ቀን አለ።

ወይዘሮ አስካለ አንድ ከሰዓት ሊጠይቁን መጡ። ብርቱካን ይዘዋል። አባቴን ሰላም ብለው ሊቀመጡ ሲሉ ሹራቡን አዩት። ከፋርማሲ ገና መመለሴ ነበርና ትንፋሼ አልተሰበሰበም ነበር። ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ሹራቡ አዩ።

"ይሄ ነገር እዚህም ተከትሎሽ መጣ?"

የያዝኩትን መድኃኒት አልጋው ራስጌ አስቀመጥኩ።

"በይ ውጪ" አሉ።

"የት?"

"እኔ ምን አውቄ? ፈቃድ የወጣ ሰው የት ትሄዳለህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?"

"ቢጠራኝስ?"

"እመልስለታለሁ።"

"አንድ ነገር ቢሆን ይደውሉልኛል?"

መነጽራቸውን አወለቁ። ክሩን ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት። "አልደውልም" አሉ። "ደውሎ ሰው ማስሮጥ ትቻለሁ። የሚሆን ነገር ቢሆን አጠገቡ ያለሁት እኔ ነኝ፤ የሚደረገውን አደርጋለሁ። አንቺ ሂጂ፣ ልጄ። አልደውልልሽም።"

ወጣሁ። መጀመሪያ እግሬ ሊሮጥ ፈልጎ ነበር። ዋናው መንገድ ዳር ያለ ካፌ ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ያልታመመ ሰው ሁሉ በመንገዱ ላይ ዝም ብሎ ሲያልፍ አየሁ፤ አንዲት ሴት ከአባቷ ጋር እየተሟገተች ታክሲ ስትጠብቅ አየሁ፤ እዚያ ላይ አለቀስኩ። ስልኩ አልጮኸም። ሲመሽ ከፍዬ ተነሣሁና በእግሬ፣ ቀስ ብዬ፣ ሳልሮጥ ተመለስኩ።

በሩን ስከፍት ቤቱ ቀዝቅዞ ነበር። መብራት አልበራም። ከአልጋው በኩል የአባቴን ድምፅ ሰማሁ።

"አለሽ?"

አፌን ከመክፈቴ በፊት፣ "አለሁ" የሚል ድምፅ መለሰለት።

ወይዘሮ አስካለ እጁን ይዘው ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። በርዷቸው ሹራቤን ደርበውታል፤ ጠቧቸው ቁልፉ አልገጠመም። ወንበሩም ሹራቡም ከተውኳቸው ቦታ አልተነሡም። ሹራቡ ውስጥ ግን ሰው ነበረበት።